«ግፊትህ ወርዷል» ሲሏችሁ «ለምን ወረደ?» በሉ

«ግፊትህ ዝቅ ብሏል፤ ጨው ጨመር አድርግ።» በእኛ ሰፈር ይህን ምክር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ተመክሬያለሁ። ጨውም ጨምሬያለሁ። ለጥቂት ነው የተረፍኩት። የወረደ ግፊት ብዙ ጊዜ የሌላ ነገር ምልክት ነው። ያንን ሌላ ነገር ሳይፈልጉ ቁጥሩን ብቻ ከፍ ለማድረግ መሯሯጥ የት እንደሚያደርስ በራሴ አይቻለሁና ልንገራችሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጅማ መርካቶ፣ በረንዳ ላይ፣ ከሲንጀር መኪናዬ ጋር ዕድሜዬን የገፋሁ ሰው። ቀኑን ሙሉ ማጎንበስ ስለሆነ ሥራው፣ ወገቤ ከከዳኝ ዓመታት ተቆጥረዋል። ለወገቤ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ። መጀመሪያ ሐኪም ነበር ያዘዘልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ፋርማሲው ለመደኝና «ያችን ክኒን» ስል ይሰጠኛል። በተለይ የተማሪ ዩኒፎርም ሰሞን፣ ነሐሴና መስከረም ላይ፣ ምሳ የሚበላበት ጊዜ ስለማይኖር በባዶ ሆድ ነበር የምውጣት። ይህችን ክኒን ያዙልኝ።

መጀመሪያ የመጣው ማዞር ነው። ደንበኛ ሲመጣ ልለካው ብድግ ስል ዓይኔ ላይ ጨለም ይላል። ሜትሩን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ መኪናዋን ተደግፌ እቆማለሁ። ወዲያው ያልፋል። ተቀምጬ ደህና ነኝ፣ ስነሳ ያዞረኛል። ትልቁ ፍንጭ ይህ ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ ለእኔም ለሐኪም የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። ቀጥሎ ድካም መጣ። ጅሬን ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ ዳገቱን ስወጣ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ደረሰች። ያ ዳገት በልጅነታችን የምንሽቀዳደምበት ነው።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ተቀዳና ውጤቱ «ታይፎይድና ታይፈስ» ሆነ። በአገራችን ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው ሎተሪ ቢቆርጥ ይወጣለታል። ትኩሳት እንኳ አልነበረኝም። ያ የተለመደው የደም ምርመራ የሚያየው ሰውነታችን ለጀርሙ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። መከላከያው ደግሞ ከድሮ ሕመም የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። እዚያው ተቀምጬ ግፊቴ ተለካ፤ 95 በ60። «ትንሽ ወርዷል» ተባለና ግሉኮስ ተሰቀለልኝ።

የሚገርመው ተሻለኝ። በማግስቱ እንደ ሰው ሠራሁ። የገባው ፈሳሽ የደም ሥሬን ለጊዜው ስለሞላው ነው። የሚያፈሰው ቦታ ግን እያፈሰሰ ነበር። ስለዚህ ግሉኮስ ተሰቅሎላችሁ ቀለል ቢላችሁ፣ «አለቀ፣ ድኛለሁ» አትበሉ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ማዞሩ ከተመለሰ ምክንያቱ ገና አልተገኘም ማለት ነው።

ከዚያ የሰፈር ሕክምና ተጀመረ። ጎረቤታችን እትዬ ራህመት ቡና በጨው አፍልተው ያመጡልኝ ጀመር። የቡና አገር ስለሆነ መድኃኒቱም ቡና ነው። «ልጄ፣ ይህ ደም ማነስ ነው፤ ቀይ ሥር ብላ» አሉኝ። በላሁ። ቀይ ሥር መልኩ ስለቀላ ብቻ ደም አይሆንም። እንዲያውም ጭማቂው ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ስሰማ እትዬ ራህመትን አስቤ ሳቅሁ።

በሰፈር ወሬ ደም ማነስና ግፊት ማነስ አንድ ናቸው። ሐኪም ቤት ግን ሁለት ናቸው። ደም ማነስ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፤ ኦክሲጅን የሚሸከሙት ቀይ ሕዋሳት ማነሳቸው ነው። ግፊት ደግሞ ደሙ የደም ሥር ግድግዳን የሚገፋበት ኃይል ነው፤ ክንድ ላይ በሚታሰረው መለኪያ ይታወቃል። አንዱ ኖሮ ሌላው ላይኖር ይችላል። እኔ ጋ ሁለቱም ነበሩ።

እትዬ ራህመት ግማሹን ስላገኙት እኔም ፋርማሲ ሄጄ የብረት ክኒን ገዛሁ። ሻጩ «ሰገራህን ያጠቁረዋል፤ እንዳትደነግጥ» አለኝ። እውነቱን ነው። ችግሩ የእኔ ሰገራ ከክኒኑ በፊትም ጠቁሮ ነበር። አሁን ምክንያት ስላገኘሁለት ጭራሽ መጨነቅ ተውኩ። ልዩነቱን ላስረዳችሁ፤ ምሳ ላይ የምታነቡ ይቅር በሉኝ። የብረት ክኒን ሰገራን ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ሌላው ነገሩ እንደወትሮው ነው። ከጨጓራ አካባቢ የሚፈስ ደም ሲሆን ግን ልክ እንደ ሬንጅ ነው። ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል፣ ውሃ ሲደፉበት ቶሎ አይለቅም። ሽታውም የተለየ ነው፤ አንዴ ያሸተተው አይረሳውም። እንዲህ ያለ ካያችሁ ለነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

አንድ ሌሊት ሽንት ቤት ልሄድ ተነሳሁ። የማስታውሰው የበሩን መቀርቀሪያ መያዜን ነው። ስነቃ መሬት ላይ ነኝ። ቅንድቤ ተተርትሯል። ላብ አጥምቆኛል፤ ላቡ ግን ቀዝቃዛ ነው። ጎረቤት ተሰብስቧል። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ይዟል። አንዱ ከኋላዬ ሆኖ ቀና ሊያደርገኝ ይገፋኛል። ሌላዋ ውሃ በአፌ ልታፈስ ትታገላለች። ቀና ባደረጉኝ ቁጥር መልሼ ሳትኩ ትላለች ባለቤቴ።

ሁሉም በፍቅር ነው፤ ግን አንዱም አይጠቅምም። ራሱን የሳተን ሰው መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት፤ እግሩን በትራስ ወይም በወንበር ከፍ አድርጉት። ደሙ ወደ ጭንቅላቱ የሚመለሰው እንደዚያ ነው። ቀበቶውን፣ የአንገት ቁልፉን አላሉት። የሚያስመልሰው ከሆነ በጎኑ አዙሩት። ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ በአፉ ምንም አትስጡት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ክብሪቱን ሻማ ለኩሱበት። ቶሎ ካልነቃ፣ ደረቱን ካመመው፣ ከተቀባዠረ ወይም ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከተመታ ደግሞ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሕክምና።

ባጃጅ ተፈልጎ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ደረስን። ድንገተኛ ክፍል ያለችው ሲስተር ማንም ያላደረገውን አደረገች። «ጋሼ፣ ጋደም ይበሉ፤ አያውሩ» አለችኝ። ትንሽ ካረፍኩ በኋላ ተኝቼ እያለሁ ለካችኝ፤ 102 በ64፣ የልብ ምቴ 98። ከዚያ ባለቤቴ በአንድ በኩል እሷ በሌላ በኩል ይዘው አቆሙኝና ደግማ ለካች፤ 76 በ50፣ የልብ ምት 132። መለኪያው ገና አየር እየለቀቀ አልጋው ላይ መለሰችኝ። ዶክተሩን የጠራችው በሩጫ ነው።

እንግዲህ ዋናው ትምህርት እዚህ ጋ ነው። በተለምዶ ከ90 በ60 በታች ዝቅተኛ ግፊት ይባላል። እኔ ተኝቼ ከዚያ በላይ ነበርኩ። ተኝቼ ብቻ ተለክቼ ቢሆን ኖሮ «ደህና ነህ» ተብዬ እመለስ ነበር። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ይህ ነው፤ አምስት ደቂቃ ያህል ከተኙ በኋላ ይለካል፣ ከቆሙ በኋላ ደግሞ በአንድ ደቂቃና በሦስት ደቂቃ ይለካል። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ችግር አለ ማለት ነው። የልብ ምቱም ይናገራል። ሲቆሙ ግፊቱ ወርዶ የልብ ምቱ በ30 እና ከዚያ በላይ ከዘለለ ደም ወይም ፈሳሽ መጉደሉን ያስጠረጥራል። ግፊቱ ወርዶ የልብ ምቱ ብዙም ካልጨመረ ደግሞ የነርቭ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ስኳር ለብዙ ዓመት የቆየባቸው ሰዎች ላይ ይታያል። ስትነሱ የሚያዞራችሁ ከሆነ «ተኝቼም ቆሜም ለኩኝ» በሉ። አትፈሩ። ማንም ጤና ባለሙያ ሊያደርገው ይችላል፤ ከመለኪያውና ከሰዓት ሌላ ዕቃ አይፈልግም።

ዶክተሩ ወጣት ልጅ ነው። የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ገልጦ አየ። ነጭ ነበር።

«ምን መድኃኒት ይወስዳሉ ጋሼ?»

«ምንም።»

ባለቤቴ ጣልቃ ገባች። «ዲክሎፌናክስ?»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ስለ ሰገራዬ ጠየቀኝ። የወገብ ክኒን መድኃኒት ነው ብሎ የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው። የራስ ምታት፣ የጉልበት፣ የጉንፋን፣ የባህል መድኃኒቱን ማንም አይናገርም። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ በቃል አትናገሩ፤ ቤት ያለውን ክኒን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለ ቤት የሚያውቃችሁን ሰውም ይዛችሁ ሂዱ። እኔን ያዳነችኝ የባለቤቴ አንዲት ጥያቄ ናት።

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ አስፕሪን ሁሉም ሕመም የሚያስታግሱበት መንገድ ራሱ የጨጓራን መከላከያ ያሳሳል። ብዙ ጊዜ ከተወሰዱ ቁስል ያመጣሉ፤ ቁስሉ ሊደማ ይችላል። የግድ የሚያቃጥል ሕመም ላይኖረው ይችላል። እኔን ጨጓራዬን ብዙም አላመመኝም ነበር። የሚያቃጥለውን ስሜት ራሱ ማስታገሻው ይሸፍነዋል ብሎኛል ዶክተሩ።

ከዚያ በፊንጢጣ በጓንት ምርመራ አደረገልኝ። ያፍራል ሰው። እኔም አፍሬ ነበር። ግን ደሙ ከየት እንደሚፈስ ከደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ፍንጭ የሰጠው እሱ ነው፤ እንቢ እንዳትሉ። ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም ቀይ ሕዋሳት ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ነገር፣ 6.4 ሆኖ ተገኘ። ለወንድ ከ13 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ደም ተሰጠኝ። ከተረጋጋሁ በኋላ ኢንዶስኮፒ ተደረገልኝ፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ይገባል። ጉሮሮን ያስጨንቃል እንጂ የሚወራለትን ያህል አይደለም። ከጨጓራ ወደ አንጀት መግቢያው ላይ ቁስል ተገኘ። የጨጓራ ባክቴሪያውም፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው፣ ነበረብኝ። ክኒኑና ባክቴሪያው ሲገናኙ ነው ነገሩ የሚብሰው። ለ14 ቀን አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን የተባሉ አንቲባዮቲኮች፣ ከጨጓራ አሲድ ከሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ጋር ታዘዙልኝ። ዲክሎፌናክ በዚያው ተሰናበተ።

ሆስፒታል በቆየሁበት ጊዜ የግፊት መውረድ ስንት መልክ እንዳለው አየሁ። ምትክ ደም ሊሰጡ ከመጡት መካከል የበረንዳችን ግዙፉ ሰው ነበር። ጣቃ ጨርቅ በአንድ እጁ የሚያነሳ። መርፌውን ሲያይ ወደቀ። እሱን ማንም አልተጨነቀለትም። በድንጋጤ፣ በሕመም ወይም ሙቀት ውስጥ ብዙ በመቆም የልብ ምት በድንገት ይዘገያል፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊት ይወርዳል። አስተኝተው እግሩን ሲያነሱለት ዓይኑን ገለጠ። እስካሁን ይቀለድበታል።

ከጎኔ የተኙት አባት ነገር ግን አያስቅም። የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው። ሽንት የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ከሌላው የግፊት መድኃኒት ከኢናላፕሪል ጋር ይወስዳሉ። በዚያ ላይ ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን ተጨመረላቸው፤ እሱም ግፊት ሊያወርድ ይችላል። ተቅማጥ ይዟቸው ሳለ ሁሉንም እንደወትሮው ዋጡ። ሌሊት ሲነሱ ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። በዕድሜ ለገፋ ሰው የግፊት መውረድ ትልቁ አደጋ ይኸው መውደቅ ነው። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዛችሁ፣ ወይም ጾም ሊገባ ሲል፣ ስለ መጠኑና ስለ ሰዓቱ ሐኪማችሁን ጠይቁ። በራሳችሁ ማቆም ግን ሌላ አደጋ ነው፤ ግፊቱ ሽቅብ ሊወጣና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

የባለቤቴ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እኔን ስታስታምም «እኔንም ለኩኝ» አለች። 92 በ58። ደነገጥን። ዶክተሩ ያዞርሽ እንደሆን፣ ይደክምሽ እንደሆን፣ ወድቀሽ ታውቂ እንደሆን ጠየቃት። ምንም የለባትም። በእርግዝና ክትትል ካርዷ ላይም ከዓመታት በፊት እንደዚያው ነው። «የእርስዎ ተፈጥሮ ነው፤ ይሂዱ» አላት። ቁጥሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። ሁልጊዜ 92 የሆነ ሰውና ትናንት 130 ሆኖ ዛሬ 92 የሆነ ሰው አንድ አይደሉም። ለዚህ ነው ደህና ሆናችሁ ሳለ የተለካችሁትን ቁጥር መዝግቦ መያዝ የሚጠቅመው።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ልብ ሲደክም ወይም ምቱ ሲዛባ፤ ለዚህ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ምት የሚመዘግብ ምርመራ፣ ይነሳል። ከባድ ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ሲገባ፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ትኩሳት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስና መቀባዠር አለው፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ግፊት በተፈጥሮ ትንሽ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ሆና ሆዷን በኃይል የሚያማትና የምትዝለፈለፍ ሴት ግን ውስጥ ለውስጥ እየደማች ሊሆን ስለሚችል ቤት መቆየት የለባትም። ቆዳው፣ ድዱና የመዳፉ መስመር እየጠቆረ፣ ጨው እያማረው፣ እየከሳ የሚሄድ ሰው ደግሞ ምክንያቱ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ መድከም ሊሆን ይችላል። ቲቢ ያንን ዕጢ ሊጎዳው ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ስለሚቆይ ነው የጻፍኩት።

ቤት ውስጥ መለኪያ ላላችሁ፣ ልካችሁን የሚያዛባውን ነገር ልንገራችሁ። ቡና ወይም ሲጋራ ከወሰዳችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ስለሚያደርግ ቅማችሁ የለካችሁት የእናንተ ቁጥር አይደለም። በልብስ ላይ አትለኩ። ክንዳችሁ በልብ ትክክል ይሁን፤ ተንጠልጥሎ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ሽንታችሁን ሽኑ፣ አታውሩ። ቁጥሩን ከነሰዓቱና ከነስሜታችሁ ጻፉት።

ጨውን በተመለከተ፣ ለአንዳንድ ሰው ሐኪም ራሱ ጨምር ይለዋል። ልብ ወይም ኩላሊት የታመመ ሰው ላይ ግን ጉዳት ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ሳይታወቅ አይጨመርም። ውሃ መጠጣት፣ ከአልጋ ስትነሱ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ እግር ማወዛወዝ፣ ሲያዞራችሁ ወዲያው መቀመጥ ወይም መተኛት፣ መቀመጫ ከሌለ እግርን አጣምሮ ጭንን መጭመቅ፣ እነዚህ ይረዳሉ። እኔ አሁንም ለሊት ስነሳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ትንሽ እቀመጣለሁ።

የብረት ክኒኑን ሄሞግሎቢኔ ከተስተካከለ በኋላም ለወራት ቀጥል ተባልኩ፤ ያለቀው የብረት ክምችት እስኪሞላ ነው። ቡናና ሻይ ብረቱ እንዳይገባ ስለሚከለክሉ ከክኒኑ ማራቅ ያስፈልጋል። ጅማ ተቀምጦ ቡና ማራቅ ቀላል አይደለም። ክኒኑን ማታ አደረግኩትና ተገላገልኩ። ባክቴሪያው መጥፋቱን ለማወቅ ደግሞ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በሰገራ መመርመር ነው። ከዚያ ቀድሞ ቢመረመሩ «ጠፍቷል» የሚል የሐሰት ውጤት ሊመጣ ይችላል።

ወገብህስ ትሉኛላችሁ። አለ። ሲብስብኝ በተፈቀደልኝ መጠን ፓራሲታሞል እወስዳለሁ። ወንበሬን ከፍ አስደርጌ፣ በየልብሱ መሃል እየተነሳሁ በረንዳውን አንድ ዙር እዞራለሁ። በእነዚያ ማስታገሻዎች ካልሆነ አልችልም የሚል ሰው ሐኪሙን የጨጓራ መከላከያ አብሮ እንዲያዝለት ይጠይቅ። የድሮው ፋርማሲ ልጅ አሁንም ሳልፍ «ያችን ክኒን ልስጥህ?» ይለኛል። ስለ ቁስሉ ነግሬዋለሁ። ለሌላው ደንበኛ ከመስጠቱ በፊት «ሰገራህ ጠቁሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መጀመሩን ሰው ነግሮኛል።